በሞለኪውሉ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ፦ ስለ አሟሚዎችና ስለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት አጭር ታሪክ



ውኃ ሲጎድልም ሲሞላም ምን እንደሚያደርግ ደቻቱን ለሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያሻም። በቤተ ሙከራ ግን ውኃንና ሌሎች አሟሚዎችን ሞለኪውሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ብቻ አድርገን የመቁጠር ልማድ አለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ዛሬ የምናገረው ይህ እምነት እንዴት እንደ ተናጋ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1974 አቪራምና ራትነር አንድ ነጠላ ሞለኪውል የኤሌክትሪክ ፍሰትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሊያሳልፍ እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። በሐሳባቸው መድረክ ላይ የቆሙት ሁለት ኤሌክትሮዶችና በመካከላቸው ያለው ሞለኪውል ናቸው። ሐሳቡን በቀላሉ ለመለካት የቻሉት ግን በ2003 ሹ እና ታዎ ነበሩ። የወርቅ መርፌን ከወርቅ ገጽ ጋር እያነካኩ ይጎትታሉ፤ ወርቁ እየቀጠነ ሲበጠስ በክፍተቱ ላይ ሞለኪውል ድልድይ ሆኖ ይዘረጋል፤ ይህንም ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋግማሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በፈሳሽ ውስጥ ነው።

የፈሳሹ ድርሻ በ2009 ጎልቶ ወጣ። የሊቨርፑልና የላንካስተር ተመራማሪዎች የታዮፊን ቀለበቶች የተቀጣጠሉበትን ሞለኪውል ሲያጠኑ፣ አሥር ያህል የውኃ ሞለኪውሎች ብቻ ሲከቡት የረጅሙ ሞለኪውል አስተላላፊነት ከመቶ እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳዩ። በ2011 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሟሚን በመለወጥ ብቻ የአንድን ትንሽ ሞለኪውል አስተላላፊነት እስከ 50 በመቶ አሳደገ። ምክንያቱ አሟሚው በመገናኛው አጠገብ ባለው ወርቅ ላይ እየተጣበቀ የብረቱን የኤነርጂ ደረጃ ማዛወሩ ነው። መቶ እጥፉ ያስደንቃል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ሁለተኛው ነው፤ አሟሚው ሞለኪውሉን ሳይነካ ቁጥሩን ይለውጣልና። የመመረቂያ ጽሑፎችን ስመረምር ቁጥሩን አገኛለሁ፤ የአሟሚው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ታዲያ ያ ቁጥር የማን ነው?

በኤሌክትሮን ፋንታ ፕሮቶንን፣ በነጠላ ሞለኪውል ፋንታ ጠጣር ቁስን ይዘው ይህንኑ ጥያቄ ገልብጠው የጠየቁ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሉ፤ በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱት፣ የግእዝ ሊቁ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ። በነዳጅ ሴል ውስጥ የሚገኘው ናፊዮን የተባለ ስስ ፕላስቲክ ፕሮቶን የሚያሳልፈው እርጥብ ሲሆን ነው፤ ስለዚህም ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ ሊርቅ አይችልም። እርሳቸው ውኃውን ማስወጣት ፈለጉ። በ2001 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ፣ ከ141 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አስተላላፊነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ በሚዘልል የሲዝየም ጨው የሚሠራ ሴል አሳዩ። ያ ሰልፌት ግን ከሃይድሮጅን ጋር ሲቆይ ይበላሻል። ወደ ፎስፌቱ ዞሩ፤ እርሱም በሚሠራበት ሙቀት የራሱን ውኃ እየለቀቀ ይፈርሳል። በ2004 የተገኘው መፍትሔ በሴሉ ውስጥ እንፋሎት ማሳለፍ ሆነ። የተባረረው ውኃ ተመልሶ ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፕሮቶኑን ሊሸከም ሳይሆን ጨዉ እንዳይፈርስ ሊጠብቅ ነው።