እረኛ ምን አለ? የጎጃም ዘፈንና ግጥም በምርምርና በኅትመት ታሪክ ውስጥ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ገለጻዬ ርዕስ ከቆየ የአገራችን የአስተዳደር ወግ የተወሰደ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግብሩ መክበዱን፣ ዳኛው ማድላቱን፣ ምስለኔው መበርታቱን ፊት ለፊት ደፍሮ የሚነግራቸው ሰው ስለማይገኝ፣ በመስክ ከብት የሚጠብቀው ልጅ የሚያንጎራጉረውን ማድመጥ ግድ ይላቸው ነበር። የሕዝብ ዘፈን በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ አስቀድሞ የሚሰበሰብ፣ የሚተረጎምና ውሳኔ የሚያስለውጥ ማስረጃ ነበረ ማለት ነው። መልሱም ለጠያቂው በዘፋኙ በራሱ ቋንቋ ይደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠያቂው ተለወጠና ተመራማሪ ሆነ። ስለ ዘፈናችን የተጻፈውም በዛ። ዳሩ ግን ድምፁ ከቃሉ ተለየ፣ ጽሑፉም ከዘፋኙ ራቀ። ይህ እንዴት እንደ ሆነና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ምን እያሳጣን እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከጥንቱ ልጀምር። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ይገኛሉ። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1889፣ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ደግሞ በ1914 አሳትመዋቸዋል። ቋንቋችን በጽሑፍ ብቅ ሲል ዘፈን ይዞ ነው ብቅ ያለው። ሆኖም እነዚያ ግጥሞች በምን ዜማ እንደተባሉ፣ ምን መሣሪያ እንዳጀባቸው የሚነግረን የለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለድጓው ምልክት አበጅተው ዜማውን በብራና አኑረዋል፤ ለዓለማዊው ዘፈን ይህን ያደረገለት አልተገኘም። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ያህል የቅኔ ደብር ባፈራው ጎጃም እንኳ የገበሬው ዘፈን ከአፍ ወደ ጆሮ ከመተላለፍ ያለፈ ማኖሪያ አልነበረውም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጡት አውሮጳውያን ሊቃውንት አብዛኞቹ የቋንቋ ሰዎች ነበሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የኖረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የጻፈው ሰፊ ጽሑፍ፣ እርሱ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በፓሪስ በአንድ የሙዚቃ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ወጣ። ማርሴል ኮኸን በ1924 የሸዋን ግጥሞች አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው በ1952 የአዝማሪዎችን የምስጢር ቋንቋ አጥንቶ አስነበበ። ቃል ፍለጋ የመጣ ሰው ቃል ይዞ ቢሄድ የሚያስወቅሰው አይመስለኝም።

በሌላው ወገን የሙዚቃ አጥኚዎቹ አሉ። ማይክል ፓውን ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ የሚሆን መጽሐፉን በ1968 በኦክስፎርድ አሳተመ። ጂን ጄንኪንስ በአገራችን እየተዘዋወረች የቀዳችውን በ1970 በሸክላ ስታወጣ አንዱን ሸክላ ለማዕከላዊው ደጋ ሰጠችው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ በ1975 ስለ አዝማሪው ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም ይጠቀሳል። በቀጣዩ ዓመት ሲንቲያ ኪምበርሊን በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በማሲንቆና በቅኝት ላይ የዶክትሬት ጥናቷን አቀረበች። እነዚህን ሥራዎች አከብራለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስነብባለሁ። ነገር ግን አንደኛው ወገን ስንኙን ሲገለብጥ፣ ሌላኛው ቅኝቱን ሲለካ፣ አንዱ ዘፈን ሁለት ቦታ ተከፈለ። በቤተ መጻሕፍታችንም ግጥሙ በሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ፣ ዜማው በሙዚቃ መደርደሪያ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከልም አንድ ሙሉ ፎቅ አለ።

ይህ መከፈል ትርጉምን እንደሚያጠፋ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። «አለ» የሚለውን ቃል ለ ፊደልን አላልተን ብናነበው መናገርን፣ አጥብቀን ብናነበው መኖርን ያመለክታል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና፣ በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የዛሬው ርዕሴም ቢሆን አንድ ፊደል ብናጠብቅበት ጥያቄው ሌላ ይሆናል። የጎጃም ገጣሚ ደግሞ ወርቁን የሚሸሽገው በዚህ ዓይነቱ ስፍራ ነው፤ በማጥበቅና በማላላት፣ ቃልን ከቃል አጋጥሞ በመጥራት፣ የዜማው ስበት በሚያርፍበት ቦታ። ዘፋኙ ሲለው በጆሯችን የገባው ኅብረ ቃል፣ በአባሪ ላይ ተተይቦ ሲመጣ ሰሙ ብቻ ይቀራል። አጥኚው በግርጌ ማስታወሻ ወርቁን ሊያስረዳ ይችላል፤ አንባቢው ግን ማረጋገጫ የለውም፤ የአጥኚውን ቃል አምኖ መቀበል ነው።

ስለ አካባቢያችን የተጻፈ ከባድ መጽሐፍ የለም እንዳይባል፣ ከፍኖተ ሰላም በላይ ባለው ደጋ፣ በደጋ ዳሞት፣ አሜሪካዊው አለን ሆበን ተቀምጦ ያጠናው የርስት ሥርዓት በ1973 በቺካጎ ታትሟል። የመጽሐፉ ጉዳይ ርስትና የትውልድ ሐረግ ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች ስለ ጎጃም ገበሬና መሬት ስንጽፍ እርሱን ሳንጠቅስ አናልፍም። እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ግን ገበሬው ራሱ ስለዚያው መሬት ያለው ነገር ነው፤ እርሱ ደግሞ ሲናገር በግጥም ነው።

ይህን ክፍተት ከማንም በላይ የሞላው ጌቴ ገላዬ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በየትኖራ፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ዘመን ገበሬው ስለ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የገጠመውን ሰብስቦ ያጠናበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ ታተመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 የጎጃምን ቃል ግጥም በየዓይነቱ የመደበበትን ጽሑፍ፣ በዚያው ዓመትም በ1989 ዓ.ም. በክልላችን ስለተካሄደው የመሬት ድልድል ገበሬው የገጠመውን የሚመረምር ሌላ ጽሑፍ አውጥቷል። በዚያ ድልድል «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ ይዞታው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ፣ እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ አባቶች የማንን መሬት ማን እንደወሰደው ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የቀበሌው ቃለ ጉባኤ የሚነግረን የመሬቱን ልክ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ የተገጠመው ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን ያየበትን ዓይን ይነግረናል። ለታሪክ ጸሐፊ ሁለተኛው ከአንደኛው የሚያንስ ማስረጃ አይደለም። ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ድርቅንና ረኃብን በገበሬው ግጥም ሲያነብ ያሳየንም ይህንኑ ነው። የፈቃደ መጽሐፍ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው ስለሆነ በአገር ውስጥ ይገኛል። የጌቴን ግን የየትኖራ ገበሬ ቀርቶ እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንኳ አግኝተን የምናነበው በብዙ ድካም ነው። ደራሲው የሚችለውን አድርጓል፤ ሥራውን ወደ አማርኛ የሚመልስና በርካሽ የሚያትም ተቋም አለመኖሩ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

አሁን አጥኚዎች እምብዛም ወዳልገቡበት ክፍል ልለፍ። ስለ ጎጃም ዘፈን ሲወራ ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ ይቀድማሉ፤ ሁሉም የአደባባይና በአብዛኛው የወንድ ናቸው። የሴቶች የወፍጮ እንጉርጉሮ ግን ሰሚ ያልነበረው ዘፈን ነው። ሴትዮዋ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ በወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ መጁን እየገፋች ለብቻዋ የምትለው ነውና። ስለ አማት፣ ስለ ባል፣ በልጅነት ተድራ ስለራቀችው አገሯ የምትናገረው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ቀን በሰው ፊት አትለውም። ቴፕ ይዞ የመጣ ወንድ አጥኚ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ከሰው ቤት ጓዳ ሊገኝ አይችልም። ከዚያ የሞተር ወፍጮ መጣ። ይህ ለሴቶቻችን ወገብ ታላቅ እፎይታ ነውና የድንጋዩን ወፍጮ ማንም እንዲናፍቅ አልፈልግም፤ የሚናፍቅ ካለ እስቲ አንድ ቁና በቆሎ ይፍጭ። ዘፈኑ ግን ሳይቀዳ ሄደ።

በቡሬ ዙሪያና በጃቢ ጠህናን አንዳንድ አሮጊት እናቶችን እንዲያንጎራጉሩልኝ ለምኜ ነበር። ግጥሙ ያለ ድንጋዩ አልመጣ አላቸው። ከቤት ጀርባ ተጥሎ የጨው መውቀጫ የሆነው ወፍጮ ታጥቦ ሲቀርብላቸውና መጁን ሲይዙ፣ አንድ ጊዜ በግፊት፣ አንድ ጊዜ በመሳብ፣ ስንኙ በእጃቸው ልክ እየተቆረጠ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስንኝን ልክ በቀለም ቆጠራ ብቻ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሳነብ እጠራጠራለሁ። በውድማ ላይ በሬ እየነዱ የሚዜመውም፣ የወንፈልና የደቦ ዘፈንም እንዲሁ በሥራው እንቅስቃሴ የተለካ ነው። የመውቂያ ማሽን በየዓመቱ ወደ ገጠሩ እየዘለቀ ስለሆነ ይህም የሚቆይልን አይመስለኝም።

ወደ ኅትመቱ ልመለስ። የመምህራን የማዕረግ ዕድገት የሚለካው በታወቁ መጽሔቶች ላይ በሚወጣ ጽሑፍ ነው፤ ይህም በተግባር እንግሊዝኛ ማለት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የውጭ መጽሔት ጽሑፌን ሲገመግም፣ አባሪ የሆነው የአማርኛው ግጥም ቦታ ስለሚያጣብብ ይውጣ፣ ትርጉሙ ብቻ ይበቃል አለኝ። ጽሑፉን መልሼ ወሰድሁት። ዘፈኑ የተባለበት ቃል ከሌለበት ጥናት ላይ ማን ተነሥቶ ይከራከረኛል? የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የአማርኛ ጽሑፍም ማስተናገዱ መልካም ምሳሌ ነው፤ አንድ መጽሔት ግን ለአንድ አገር አይበቃም።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በተማሪዎቻችን የማሟያ ጽሑፎች ዘፋኞቹ «መረጃ አቀባይ 1»፣ «መረጃ አቀባይ 2» ተብለው ይጻፋሉ። ምስጢር መጠበቅ ሲያስፈልግ ይገባኛል። ፋሺስቶች የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና አዝማሪዎችን እያደኑ እንዲገድሉ መታዘዙ የታወቀ ነው፤ «አዝማሪ ምን አለ» የሚለው ጥያቄ በጥይት የሚመለስበት ጊዜም አለ። ዛሬም መንገዱ በሚዘጋበትና ሰው ቃሉን በሚመዝንበት ወቅት፣ ሹምን የሚነካ ግጥም የሰጠንን ሰው ስም ማውጣት አይገባም። ነገር ግን በሠርግ፣ በአዝመራ ወይም በፉከራ የታወቀ ሰው ስሙ እንዲጻፍለት ይፈልጋል፤ ስሙን መደበቅ ግጥሙን መንጠቅ ነው የሚመስለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን መብት ያውቃል። በወንፈል መካከል ዘፈን የምታወጣዋ እናትም ከዋኝ ናት። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዘፋኝ ፈቃድ በተናጠል፣ ዘፈን በዘፈን መጠየቅ አለብን እላለሁ፤ በአንድ ወረቀት ላይ በጅምላ ማስፈረም አያዋጣም።

ገለጻዬን የማቆመው በአንድ ማስታወቂያ ነው። እስካሁን የቀዳነው በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ቃሉ በአማርኛ ተጽፎ፣ የሚጠብቀው ፊደል በላዩ ነጥብ ተደርጎበት፣ ከድምፁ ጋር ተያይዟል። ሚሞሪ ካርድ ወይም ስልክ የያዘ ሰው የቤተሰቡን መውሰድ ይችላል፤ ክፍያ የለበትም። በቤታችሁ የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የተዝካር ካሴት ያላችሁ ደግሞ አምጡልን፤ ገልብጠን ካሴቱን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ሻጋታ የነካውንም አትጣሉት።