የጉዛራ ግንብና የእንፍራንዝ መንደር



ለዚህ መጽሔት ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ የመረጥኩት የጉዛራን ግንብ ነው። የጎንደርን የፋሲል ግንብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆቻችንም ቢሆኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ አይተውታል። ጉዛራ ግን የእርሱ ታላቅ ወንድም ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ነጋዴ እንጂ የታሪክ ምሁር ባልሆንም፣ እዚሁ ሐርጌሳ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን እንዲያውቁት በማለት ያነበብኩትን አካፍላለሁ።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ማክሰኝትን አልፈን፣ አዲስ ዘመን ሳንደርስ እንፍራንዝ የምትባል ትንሽ ከተማ እናገኛለን። ጉዛራ በዚህች ከተማ አጠገብ፣ ጣና ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ግንቡ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ፎቅ ሲሆን፣ በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች አሉት። ያሠራው እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ስለሆነ፣ ጉዛራ ለጎንደር ግንቦች መንገድ ጠራጊ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን እየሠፈሩ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ መነሻው ንጉሡና ሠራዊቱ የከተሙበት ሠፈር ነው። ታዲያ ለምን በድንጋይ መሥራት አስፈለገ? ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ አገሪቱ ተጎሳቁላ ነበር፤ በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ፤ በደቡብም ኦሮሞዎች እየሰፉ መጡ። በዚህ ምክንያት የነገሥታቱ መቀመጫ እህልና ውኃ ወደሚገኝበት ወደ ጣና ዙሪያ እየተሳበ ሄደ። የግንቡን ጥበብ አንዳንዶች በ1541 ከመጡት ፖርቱጋሎች፣ ሌሎች ደግሞ ከቱርኮች ጋር ያያይዙታል። ጥበቡ ከየትም ይምጣ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ያወጣው ግን የአገሬው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ስለ ግንብ ስናወራ ንጉሡን ብቻ እናነሣለን። ግንቡን የሚቀልበው ግን በዙሪያው ያለው ገበሬ ነበር። ገበሬው መሬቱን በርስትነት ቢይዝም፣ ግብሩን የመሰብሰብ መብት፣ ማለትም ጉልት፣ በንጉሡ ፈቃድ ለመኳንንትና ለአድባራት ይሰጥ ነበር። ባለ ርስቱም እህሉንና ማሩን ይገብራል፣ በጌታው ሁዳድ ላይም በጉልበቱ ያርሳል። ይህ ሥርዓት ዘመናትን ተሻግሮ ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከመካከላችን ያን ቀን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ይኖራሉ።

እንደ ነጋዴነቴ ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ የእንፍራንዝ ገበያ ነው። ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ታላቁን ኢያሱን ለማከም በ1699 ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ሲመለስም በእንፍራንዝ በኩል አለፈ። እርሱ እንደጻፈው ቦታው ከጎንደር ቢያንስም የሚያምር ነበር፤ ቤቶቹም በለምለም አጥር የተለያዩ ነበሩ። የገበያው ዋና ንግድ የጥርኝ ዝባድና፣ የሚያሳዝነው፣ የባሪያ ንግድ ነበር። ይህንንም ከልጆቻችን መደበቅ አይገባንም፤ ሽቶውም ሰውም በአንድ ገበያ ይሸጡ ነበር።

ይኸው ሐኪም ሌላም ነገር አስተውሏል። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። እንፍራንዝ ውስጥ ግን ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ ይይዙ እንደነበርና ቤታቸውም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተቀላቅሎ እንዳየ ጽፏል። አዋጁ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፣ ዕቃ ይዋዋሳል፤ ነጋዴም ከነጋዴ ጋር ተማምኖ ዱቤ ይሰጣጣል።

ይህን እኛ ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገንም። ሐርጌሳ ውስጥ የአዛን ድምፅ እየሰማን ልጆቻችንን እናሳድጋለን፤ በበዓላችን ከጎረቤቶቻችን ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ በሐዘናቸውም እንደርሳለን። ይህ ዓይነቱ ኑሮ በስደት የተማርነው አዲስ ነገር ሳይሆን አባቶቻችንም ያውቁት እንደነበር ልጆቻችን ይወቁልን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለዕረፍት በቶጎ ውጫሌ በኩል አገር ቤት ስትገቡና መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ እስከ ጎንደር ከዘለቃችሁ ጉዛራንም ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ንጉሡን ስትነግሯቸው ገበሬውን፣ ነጋዴውንና በዚያ ገበያ የተሸጠውንም ሰው አብራችሁ ንገሯቸው።

መልካም በዓል ይሁንልን።