የንግድ ትምህርትና የባዕድ ቋንቋ፤ ከጃፓን ታሪክ የተገኘ ምሳሌ

ዓለም አቀፍ ንግድን በእንግሊዝኛ ተምሮ የማስተርስ ዲግሪ መቀበል በዛሬው ዘመን የብዙ ወጣቶችና የብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ምኞት ነው። ምኞቱም መልካም ነው። ዳሩ ግን በባዕድ ቋንቋ የተገኘ ትምህርት አገርን የሚጠቅመው በምን መንገድ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል። ለዚህም ከኛ አስቀድማ በዚሁ መንገድ የሄደችውን ጃፓንን መመልከት ይረዳናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ የዚህች አገር ምሳሌነት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞሪ አሪኖሪ የሚባለው የሳትሱማ ተወላጅ ወደ ውጭ አገር መሄድ በሕግ የተከለከለ በነበረበት ጊዜ፥ በ1865 ከጓደኞቹ ጋራ በምስጢር ወደ ሎንዶን ተልኮ ተማረ። በኋላም በዋሽንግተን የጃፓን መልእክተኛ ሆነ። በዚያም ሳለ የምዕራባውያንን የንግድ ኃይል ተመልክቶ እጅግ ስለ ተደነቀ፥ ጃፓን እንግሊዝኛን ለትምህርትና ለንግድ ብትቀበል ይሻላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በ1872 ይህንኑ ሐሳብ የዬል የቋንቋ ሊቅ ለነበረው ለዊልያም ድዋይት ዊትኒ በደብዳቤ ገለጠለት። ሊቁ ግን እንግሊዝኛን መማር ጥቅም እንዳለው ቢያምንም፥ ሕዝቡን ሁሉ ለማስተማር የሚቻለው በገዛ ቋንቋው እንደ ሆነ፥ አለዚያ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ከብዙ ካልተማረ ሕዝብ ተለይተው እንደሚቀሩ አስጠንቅቆ መለሰለት።

ሞሪ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1875 በቶክዮ ከተማ፥ ጊንዛ በተባለው ሰፈር አንድ ትንሽ የንግድ ትምህርት ቤት አቋቋመ። አስተማሪ ሆኖ ከአሜሪካ የመጣውም ዊልያም ኮግስዌል ዊትኒ የሚባል ሌላ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የምዕራባውያንን የሒሳብ አያያዝ የሚያውቅ ጃፓናዊ መምህር ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱን ከአሜሪካዊው አፍ በእንግሊዝኛ ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር። ለዚህ ትምህርት ቤት መቋቋሚያ የሆነውን የዓላማ መግለጫ የጻፈው ፉኩዛዋ ዩኪቺ፥ ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1873፥ አንድ የአሜሪካ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ መጽሐፍ ወደ ጃፓንኛ መልሶ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ለማያውቁት ነገር ስም ማውጣት፥ ቍጥሩንም በአገሩ ፊደል ከላይ ወደ ታች አድርጎ መጻፍ ግድ ሆነበት። በዚህም ድካም እንግሊዝኛ የማያውቅ የሱቅ ባለቤት መዝገቡን ሊያነብ ቻለ።

ከዚያ በኋላ ያ ትንሽ ትምህርት ቤት በመንግሥት እጅ ገብቶ በ1887 ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤት ተባለ። ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከተላኩት መምህራን ስምንቱ በ1901 በበርሊን ተሰብስበው፥ ጃፓን የንግድ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋታል ሲሉ ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ምኞታቸው የተፈጸመው በ1920 ነው። በ1923 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃዎቹን ቢያፈርስም፥ ዩኒቨርሲቲው ወደ ኩኒታቺ ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ፤ ከ1949 ጀምሮም ሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ይኸው ተቋም በ2000 ለጃፓናውያንም ለውጭ አገር ሰዎችም በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ።

እንግዲህ ቋንቋው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ ማለት ነውን? አይደለም። በ1875 እንግሊዝኛ የተመረጠው የአገሩ ቋንቋ ለአዲሱ ትምህርት ገና ስላልተዘጋጀ ነበር። በ2000 ግን ጃፓንኛ የንግድን ትምህርት ሁሉ የሚችል ሆኖ ሳለ፥ ከዓለም ጋራ ለመነጋገር ሲባል በፈቃድ ተመረጠ። በሁለቱ መካከል ያለው የመቶ ሃያ አምስት ዓመት ሥራ ነው ልዩነቱን ያመጣው።

በእኛም አገር ከ1941 ወዲህ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ። የአዲስ አበባ ንግድ ትምህርት ቤት በ1943፥ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም በ1950 ሲከፈቱ፥ የዘመናዊው ትምህርት መንገድ በእንግሊዝኛ ተጠረገ። የመርካቶው ነጋዴ ግን የሚዋዋለው፥ ቡና የሚያመርተውም ገበሬ ዋጋውን የሚከራከረው በአገሩ ቋንቋ ነው። ስለ ዓለም ገበያ የዋጋ መውጣትና መውረድ፥ ስለ መድን፥ ባንክ ለላኪውና ለገዢው ስለሚሰጠው ዋስትና፥ ገበሬው በሚገባው ቃል የሚነግረው ካላገኘ፥ የተማረው ሰው ዲግሪ ለእርሱ ምን ይረባዋል?

ስለዚህ ዓለም አቀፍ ንግድን በእንግሊዝኛ ለመማር የሚነሣ ሁሉ በርትቶ ይማር እንላለን፤ ቋንቋውንም በሚገባ ይወቅ። ነገር ግን ትምህርቱን ሲፈጽም ሁለተኛ ሥራ እንደሚጠብቀው አይዘንጋ። ይኸውም የተማረውን በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች መጻፍ፥ ቃል የጠፋለትን ነገር ቃል ማውጣት፥ በመሥሪያ ቤቱና በገበያውም ማስረዳት ነው። መምህራንም ይህን ሥራ ከደቀ መዛሙርታቸው ቢጠይቁ፥ መሥሪያ ቤቶችም የተጻፈውን ቢያሳትሙ፥ ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብና የባከነው ጊዜ ከብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል።