ከ«አቧራ» ወደ መልእክተኛ፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር ዎልፍ የተባለው ተመራማሪ ከደም አርጊ ሕዋሳት የሚወጡትን እጅግ ጥቃቅን ነገሮች «አቧራ» ብሎ ሰየማቸው። አቧራ ተጠርጎ የሚጣል ነገር ነውና ስያሜው የጊዜውን ግምት በትክክል ይገልጻል። በ1980ዎቹ የሮዝ ጆንስቶን ጥናቶች «ኤግዞሶም» የሚለውን ስም አስለመዱ፤ ግምቱ ግን ብዙም አልተለወጠም፤ ነገሩ የቀይ ደም ሕዋስ ሲበስል የማይፈልገውን አውጥቶ የሚጥልበት ከረጢት ተደርጎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2007 አር ኤን ኤን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንደሚያደርስ ታወቀ፤ በ2011 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በዚሁ ከረጢት ተጠቅመው ወደ አይጥ አንጎል ሕክምናዊ አር ኤን ኤ አደረሱ። የተናቀው አቧራ መድኃኒት አድራሽ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ጥያቄው ለእኛ የቀረ ነው።

የባዕድ ቃል መዋስን አንነቅፍም። «ካዛንቺስ» ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻረ ስም የወጣ መሆኑን የሰፈሩ ሰው ስንቱ ያስታውሳል? «ቡልጋሪያ ወራጅ!» የሚለው ተሳፋሪም ስለ ባልካን አያስብም። «ኤግዞሶም»ን የማንመርጠው ባዕድ ስለሆነ ሳይሆን ጠባብ ስለሆነ ነው፤ የዘርፉ ማኅበርም ምንጩ ላልተረጋገጠ ከረጢት ጥቅል ስም እንዲሰጥ ይመክራል።

«ከሕዋስ ውጭ ያለ ከረጢት» ብንል፣ «ሕዋስ» በግእዝ የስሜት መሣሪያ ነውና «አምስቱ ሕዋሳት»ን ተምሮ ያደገ አንባቢ ከስሜት በላይ የሆነ ምሥጢር ሊመስለው ይችላል። «ሕዋስ ወለድ» ቢባል ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ የሚቀሩትንም ይጨምራል። ስለዚህ «ከሕዋስ ወጪ ከረጢት»ን እንመርጣለን፤ «ወጪ ንግድ» እንደምንለው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሒሳቡ ቃል ነው። በደም ሥር ከሚሰጡት ከረጢቶች አብዛኞቹ በጉበትና በጣፊያ ይያዛሉ። የሒሳብ ባለሙያው የሚያሰላው፣ እነዚህ አካላት ከሚችሉት ሳያልፍ ወደ ዒላማው ብዙ የሚያደርሰውን መጠንና ጊዜ ነው። ተርጓሚ ይህን «ማሻሻል» ካለው፣ ለሙከራ ፈቃዱን የሚሰጥ ሕመምተኛ «በሒሳብ የተሻሻለ መድኃኒት» የሚል አንብቦ ይፈርማል፤ የተሻለ መድኃኒት ግን ማንም ቃል አልገባለትም። «ማመቻቸት»ም ስለ ገደብ አይናገርም። ቅመም መጥና የምትደቁስ ሴት የምታውቀው ግስ ሁለቱንም ይዟል፤ የሚፈለገውንም፣ የማይታለፈውንም። ስለሆነም «ምጠና» እንላለን፤ ለማይታለፈው ወሰን ደግሞ «ገደብ» የሚለው ነባር ቃል ይበቃል።