ከቁራኛ እስከ መጥሪያ

የታመመች እህት ስንጠይቅ «የአልጋ ቁራኛ ሆነች» እንላለን። ልጆቻችንንም በዓይነ ቁራኛ እንጠብቃለን። ቃሉ የመጣው ከዳኝነት ነው።

በቀድሞው ዘመን የዳኛ አገልጋዮች ጥቂት ነበሩ። በመኳንንቱ ደጅ አጋፋሪው በር ይጠብቃል፣ ባለጉዳይ ያስገባል። ተከሳሽ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ ከሳሹ ራሱ ነበር። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ጉዳዩ ከከበደ በሰንሰለት ይቆራኛሉ። እንደዚያው ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ተከሳሹ ዋስ ካገኘ ይፈታል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በጽሑፍ መጥሪያ የሚጠራበትን መንገድ ደነገገ። ዛሬ ሬጅስትራሩ መዝገብ ይከፍታል፤ ቀጠሮውም በወረቀት ይደርሰናል።

ከመካከላችን ወረቀቱን ፈርተን «አልቀበልም» የምንል አለን። የድሮው ተከሳሽ ቢፈልግም መቅረት አይችልም ነበር፤ የዛሬዋ ከቀረች ግን ክሱ በሌለችበት ሊታይ፣ ሊፈረድባትም ይችላል። እህቶቻችን፣ መጥሪያ ሲመጣ እንቀበል፣ ቀኑንም እንያዝ። ብቻዋን መቅረብ የምትፈራ ካለች ትንገረን፤ አብረናት እንሄዳለን።