ዜና ተዋንያነ ጁባ

በዘመነ ሉቃስ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ባንዲራዋም በጁባ ከተማ ተሰቀለ፤ ሕዝቡ በእልልታና በከበሮ ዋለ። ዓመት ሳይሞላት የለንደኑ ግሎብ ቴአትር ቤት የሼክስፒርን 37 ተውኔቶች በ37 ቋንቋዎች አሳየ፤ ከተጠሩትም መካከል ይህች ሕፃን አገር ነበረች። ለእርሷም ሲምቤሊን ደረሳት።

ጥሪውን የተቀበሉት ግን የትናንት ጀማሪዎች አልነበሩም። በ1986 ዓ.ም. ገደማ፣ ጦርነት ያፈናቀላቸው የደቡብ ሰዎች ካርቱም ተሰድደው ሳሉ፣ ዴሪክ ኡያ አልፍሬድ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ክዎቶ የተባለ የቴአትር ጓድ መሠረቱ። በየነገዱ ተለያይቶ የኖረውን ዘፈንና ጭፈራ በአንድ መድረክ አገናኙት። አገራቸው በካርታ ላይ ሳትኖር እነርሱ መድረክ ላይ አቆሟት፤ ይህን ሥራቸውን ከጦር አለቆች ገድል አሳንሼ ልጽፈው አልችልም።

ተውኔቱን ጆሴፍ አቡክ ወደ ጁባ ዓረብኛ መለሱት፤ ከዴሪክም ጋር ሆነው አዘጋጁት። ጁባ ዓረብኛ የመጽሐፍ ዓረብኛ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወታደርና በነጋዴ ሰፈር ተወልዶ በገበያ ያደገ ነው። በጁባ አትላባራ ሰፈር የምንኖር ሐበሾችም ከጎረቤት በጆሮ እንለምደዋለን፦ «አና ጊ ሩዋ» እየሄድኩ ነው፣ «ኢታ ጊ ሩዋ» እየሄድክ ነው፣ «ሁዎ ጊ ሩዋ» እየሄደ ነው። ግሡ ለማንም አይለወጥም፤ ንጉሡም እረኛውም እኩል ይሄዱበታል። አንተንና አንቱን እየለየ ላደገ ሰው ይህ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ኋላ ግን ደስ ይላል። ከ60 በላይ ነገዶች ላሉባት አገር የአንዱ ብቻ ያልሆነ ቋንቋ መመረጡ መልካም ሆነ።

ተውኔቱ በታየበት ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በጁባና በካርቱም መካከል ጠብ ነበረ። ስለ ነዳጅ ማስተላለፊያ ክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው ጁባ በጥር ወር የነዳጅ ጉድጓዶቿን ዘጋች፤ በሚያዝያም በሄግሊግ ተዋጉ። ሚያዝያ 24 እና 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ተዋንያኑ ጣራው ለሰማይ ክፍት በሆነው በግሎብ መድረክ ቆሙ። ተውኔቱም የሮማ መልእክተኛ ከብሪታንያ ንጉሥ 3,000 ፓውንድ ግብር ሲጠይቅ፣ ንጉሡም እንቢ ሲል፣ ጦርም ሲነሣ ያሳያል። ከጁባ ለመጣ ሰው ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ሊመስል አይችልም።

እኔ ከሁሉ የሚነካኝ ግን የሁለቱ ልጆች ነገር ነው። የንጉሡ ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ተሰርቀው 20 ዓመት በተራራ ዋሻ አደጉ፤ አባታቸው ማን እንደ ሆነ አያውቁም። በመጨረሻ ንጉሡ ትልቁን ልጅ ያወቀው በአንገቱ ላይ ባለች፣ ኮከብ በምትመስል ቀይ ምልክት ነው። ልጁ በጦርነት የጠፋበት አባት ይህን ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን? በዚህች አገር ስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ምልክት በልቡ ይዞ ይጠብቃል!

ንጉሡም ድል ካደረገ በኋላ ግብሩን ሊከፍል ተስማማ፤ ምርኮኞችንም ማረ፤ የሁለቱም ወገን ዓርማ ጎን ለጎን ሄደ። ተውኔቱም በዚህ ተፈጸመ።

ተውኔቱ በለንደን ከታየ ወዲህ 20 ወር ሳይሞላ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ፣ በጁባ ተኩስ ተከፈተ። አሁን የተዋጉት በአንድ ባንዲራ ሥር የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ የቀረውም ተሰደደ፣ ወደ ጋምቤላ የተሻገረውም ብዙ ነው። እርቁ ተደርጎ ፈርሶ እንደገና ከተደረገ በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የታደሰው ውል በአዲስ አበባ ተፈረመ።