የሴል አንቴና፣ የኩላሊት ሕመምና የዘር ቆጠራ



በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም መነሻው ምንድን ነው? ጥያቄው ለጅግጅጋ ባዕድ አይደለም፤ ሶማሊዎች «አብቲርሲ» በሚሉት ሥርዓት አባቶቻቸውን ወደ ኋላ በቃላቸው ይቆጥራሉና።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊክስ ለዣር በ1888 እ.ኤ.አ. ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ለተሞላው ኩላሊት ዛሬም የምንጠቀምበትን ስያሜ ሰጠ። ከ10 ዓመት በኋላ ካርል ዚመርማን ከኩላሊት ቱቦ ሴሎች የምትወጣን ፀጉር መሰል አካል፣ ሲሊየምን፣ ገለጸ፤ ስሜት ተቀባይ ልትሆን እንደምትችልም ገመተ። ግምቱ ግን ሰሚ አላገኘም። ሲሊየሟ ከጥንት የተረፈች፣ ሥራ የሌላት ቅሪት ተብላ ለብዙ ዘመን ተናቀች።

የሕመሙ ዋና ጂን በ1994 ቢታወቅም ከረጢቶቹ ለምን እንደሚፈጠሩ አልተፈታም። ፍንጩ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በ2000 ግሪጎሪ ፓዙርና ባልደረቦቹ ክላሚዶሞናስ የተባለው አልጌ የመዋኛ ጅራፉን የሚሠራበት ጂን፣ ኩላሊታቸው በከረጢት በሚሞላ አይጦች ላይ የተበላሸው ጂን አቻ መሆኑን አሳዩ። የአይጦቹም የኩላሊት ሲሊየም አጭር ነበር። የተናቀችው አካል የሴሉ አንቴና ሆና ተገኘች። ዓይንን፣ ጣትንና ኩላሊትን በአንድነት የሚጎዳው የባርዴት ቢድል ሕመምም ከዚሁ ምንጭ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በአዋቂዎች ላይ በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ ከወላጆች አንዱ ሕመሙ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከ2 አንድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ሳይታመሙ ጂኑን በተሸከሙበት ሌላው ዓይነት ደግሞ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አብቲርሲ አባትን ብቻ ይቆጥራል፤ ጂኑ ግን በእናትም በኩል እኩል ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የእናትንም ወገን መጠየቅ አለበት።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በሕይወት ያለ ዘመድ በሚለግሰው ኩላሊት ላይ ነው። ሊለግስ የቀረበው ወንድም ያንኑ ሕመም ሳያውቀው ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የዘር ቆጠራውን ሙሉ አድርጎ መመዝገብና ለጋሹን አስቀድሞ መመርመር የሁለት ሰዎችን ሕይወት ይጠብቃል።